የእህቴ ዓይንና የድሪሉ አፍ

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ውሃ ልክ» እያለ ነው። ውሃ ልክ ግንበኛና አናጺ አንድ ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት፣ በመሃሉ ባለች ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አረፋ የምትመላለስበት መሣሪያ ነው። እህቴ መጋረጃ ሰቃይ ናት። ግድግዳ በስታ፣ ዘንግ ገጥማ፣ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ የሰቀለችው ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይህን ስም አወጡላት። ሥራዋን የምትሠራው ግን በአንድ ዓይን ነው።

ግራ ዓይኗ የጠፋው ገና ልጅ ሳለች ነው። አባታችን የልብስ ማስጫ ሽቦ ሲወጥር ሽቦው ተበጠሰና ጫፉ እሷ ላይ አረፈ። አባታችን ከዚያ ወዲያ ሽቦ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ እስኪሞት ድረስ ልብሳችንን የምናሰጣው አጥር ላይ ነበር። እናታችን ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ማለት ታበዛ ነበር። እኔም ለቀረችው ዓይን መፍራት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሰው እህቱ ከሥራ ስትገባ ፊቷን ያያል፤ እኔ የማየው ያቺን ቀኝ ዓይን ነው። ቀልታ እንደሆነ፣ አቧራ ገብቶባት እንደሆነ፣ እንባ አቅርራ እንደሆነ አያለሁ። ደህና ዋልሽ ወይ የምላት ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ አትፈራም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው እሷና ባሏ ጋር ስለሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ «እኛ ቤት ሦስት ሰዎች አምስት ዓይን ይዘን በሰላም እንኖራለን» እያለች ታስቃለች። እንግዳው መሳቅ አለመሳቁን ሳያውቅ እሷ ቀድማ ትስቃለች።

ድሮ ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ብቻ ነበር። ጨርቁን ለክታ፣ እጥፋቱን አስተካክላ፣ ቀለበቱን ሰክታ ታስረክባለች። ሰቃዮቹ ግን ዛሬ ነገ እያሉ ደንበኛ ያጉላላሉ፤ ሲመጡም አጣመው ሰቅለው ይሄዳሉ፤ ወቀሳው የሚመለሰው ወደ ሰፊዋ ነው። አንዲት ደንበኛ መጋረጃሽ በአንድ ጎኑ አጥሯል ብላ ስትቆጣት፣ እህቴ ወንበር ላይ ወጥታ ብትለካው ጨርቁ እኩል ነው፤ የዘመመው ዘንጉ ነው። ከዚያ ወዲያ ራሷ መስቀል ጀመረች። አንድ ጊዜ አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሠራተኞቹ አለቃ መሰላል ተሸክማ ስትገባ አይቶ፣ አንዷን ዓይንሽን ለእንቅልፍ አስቀመጥሻት ወይ ብሎ ቀለደባት። እሷም «አንተ በሁለት እያየህ ያጣመምከውን በአንዷ ላቃናልህ ነው የመጣሁት» ብላ መሰላሏን ዘረጋች። ሰውየው ራሱ ሳቀ፤ ውሃ ልክ የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው ይባላል።

እኔ እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜዬ መልሼ አላውቅም። ሱቅ ገብቼ ሁለት ሰው ቆሞ ካየሁ ወጥቼ የምመለስ ሰው ነኝ። ቤት ተቀምጬ የመጋረጃዎቿን ጠርዝ በእጄ እዘመዝማለሁ፤ ሰው አይቶኝ አያውቅም፣ ስፌቴን ግን ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ ያየዋል።

በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቅ መለየት ያስቸግራል። እህቴ ሻይ ስትቀዳ እንኳ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር ታነካካዋለች። ጥቃቅን ነገር ስታይ ደግሞ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው፣ ዓይኗን ነገሩ ላይ ልትለጥፈው ትደርሳለች። ፑንታው፣ ማለት የመብሻው ሹል ብረት፣ ግድግዳውን በትክክል የት እንደሚነካ የምታውቀው እንዲህ አድርጋ ነው። እኔን የሚያሳቅቀኝም ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ከሚሽከረከር ብረት ፊቱን ያርቃል፣ እሷ ታስጠጋለች። የዓይን መከላከያ መነጽር ገዝተንላት ነበር፤ በአንዷ ዓይኔ ላይ ደግሞ ጉም ልጨምርባት ወይ ብላ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ድሪሏ በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ገመድ ስለሌለው መሰላል ላይ ይመቻል። እጀታው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጣት ሳይታሰብ ማስነሻውን እንዳይስበው የሚቆልፈው ትንሹ ቁልፍም ድሮ ላልቶ አይዝም። ከፊት ለፊቱ ፑንታውን ነክሶ የሚይዝ፣ ሲያዞሩት የሚከፈትና የሚዘጋ ሦስት የብረት ጥርስ ያለው ነገር አለ። እኛ ቤት «አፉ» እንለዋለን። ይህ አፍ አርጅቶ ነበር። ጥርሶቹ ተበልተው፣ ምን ያህል ቢያጠብቁት ፑንታው ትንሽ እንደዞረ ይላላል፤ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። ቀዳዳው ከመጠኑ በላይ ይሰፋና ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ ፊሸር ገብቶ ይወድቃል። እሷን የሚያናድዳት የቀዳዳው መስፋት ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በደንብ ያልተነከሰ ብረት ሲተፋ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

አንድ ማታ ከሥራ ስትገባ ከቀኝ ዓይኗ በታች፣ ጉንጯ አጥንት ላይ፣ ትንሽ ፕላስተር ለጥፋ መጣች። ምን ሆነሽ ስላት ቀለም ነክቶኝ ስፍቅ ተላጠ አለችኝ። ፕላስተሩ ሥር ግን ቀጭን፣ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ቀለም ሲፍቁት እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይላጥም። እኔም አልተከራከርኳትም። ያን ሌሊት ግን በዚያ መስመርና በዓይኗ መካከል ያለውን ቦታ በሐሳቤ ስለካ አነጋሁ፤ አንዲት ጣት እንኳ አታስገባም።

በማግስቱ ለባሏ ነገርኩት። የእህቴ ባል ጡረታ እስኪወጣ የአንድ ድርጅት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር፤ እህቴ እስከ ዛሬ «ግምጃ ቤት» እያለች ነው የምትጠራው። ከቦታው የወጣ ዕቃ አይቶ ማለፍ አይችልም። ዓይኔን ልጠርግ መነጽሬን ሳስቀምጥ፣ ዞር ስል ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። ክዳን የሌለው ድስት ካየ ክዳኑን ፈልጎ ይከድነዋል፤ ድስቱ ባዶ ቢሆንም። የድሪሉን ባትሪ ቻርጅ ማድረግም የእሱ ሥራ ነው። የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ባትሪውን ነቅሎ ድሪሉ ውስጥ ቀጭ አድርጎ ይከተዋል፣ እህቴም ጠዋት አንስታው ትሄዳለች። ለዓመታት የኖሩት እንዲህ ነው። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ጠቆረና፣ እትዬ አይጨነቁ፣ እኔ አናግራታለሁ አለኝ። አናገራትም። እሷም ስቃ ስቃ፣ በመጨረሻ አዲስ አፍ ልትገዛለት እሺ አለች።

ጠጋኝ ቤት ውሰጅው ብንላት ጠጋኙ ሳምንት ይቆያል ብሎአታል። እሷ ደግሞ ለሰኞ ጤና ጣቢያ ሥራ ይዛለች፤ በሽተኞቹ አልጋ ዙሪያ መጋረጃ ትሰቅላለች። የመሣሪያ ሱቁ ሰውዬ አዲሱን አፍ ሲሸጥላት አቀያየሩን ነግሯት ነበርና፣ እሑድ ጠዋት ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ፎጣ ዘርግታ፣ እትዬ ነይ ያዢልኝ ብላ ጠራችኝ። ባሏ ወዳጁን ሊጠይቅ ወጥቶ ነበር።

መጀመሪያ ያደረገችው ባትሪውን ነቅሎ መስኮቱ ሥር ያለው ቻርጀር ላይ መሰካት ነው። እኔን ለማረጋጋት የድሪሉን ባዶ ሥር ገልብጣ አሳየችኝ። ሆዱ ባዶ ነው፣ ነፍስ የለውም፣ አይነክስሽም አለችኝ። እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባትሪ ስለሌለው አፍንጫው እየከበደ ወደ ፊት እየደፋ አስቸገረኝ፤ በጉልበቶቼ ደግፌ አቆምኩት።

አፉን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጉሮሮው ውስጥ አንዲት ብሎን አለች፤ አፉን ከድሪሉ ዘንግ ጋር የምታስረው እሷ ናት። የሱቁ ሰውዬ እንዳላት ይህቺ ብሎን እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ሌላ ብሎን በሚፈታበት ካዞሯት ትጠብቃለች፣ በሚጠብቅበት ካዞሯት ትፈታለች። እህቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ ዓይኗን አፉ ላይ ልትለጥፍ ደረሰች። ቅንድቧ ብረቱን ነካው። ባትሪ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ቻርጀሩም ፊት ለፊቴ ቀይ እያበራ ነው። ቢሆንም ትንፋሼን ያዝኩ። ያ አፍ ያን ፕላስተር ያስለጠፋት አፍ ነው። ካቻቪቴውን አስገብታ ስታዞር ብሎኗ እምቢ አለች፤ ጥርሷን ነክሳ ደገመቻት፤ ድንገት ቀጭ ብላ ተላቀቀች። እኔ ከነወንበሬ ዘለልኩ።

«አንቺ እኮ ጥላሽ ቢያስነጥስ ትሸሻለሽ» አለችኝ እየሳቀች።

የቀረው አፉን ራሱን ፈትቶ ማውጣት ነበር። ለዚያ ክንዱ የታጠፈ ወፍራም የብረት መፍቻን አጭር ጫፍ አፉን አስነክሶ፣ ረጅሙን ክንድ በመዶሻ መምታት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስልኳ ጠራ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ሳሎን ውስጥ ድምፅ ስለሚቆራረጥ እህቴ እያወራች ወደ ግቢው ወጣች። እኔም ድሪሉን ፎጣው ላይ አጋድሜ፣ መዶሻውን ላመጣ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። መዶሻው ከእቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ከሁሉም በታች ነበር፤ ሚስማሩንና ሽቦውን አንድ በአንድ እያወጣሁ ስፈልግ ቆየሁ።

በዚህ መሃል የእህቴ ባል ተመለሰ። የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገረን። በጓሮ በኩል ገብቶ ሳሎን ሲደርስ ሰው የለም። ባትሪው ብዙ ስላልጎደለ የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ሆኗል። ድሪሉ ሆዱን ከፍቶ ፎጣው ላይ ተጋድሟል። እንደ ሁልጊዜው ባትሪውን ነቀለ፣ ድሪሉ ውስጥ ቀጭ አድርጎ ከተተው፣ ጉሮሮው ተከፍቶ አቧራ እንዳይገባበትም የፎጣውን ጫፍ አጥፎ ከነእጀታው ሸፈነው። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ልማዱን ባላወቅ ኖሮ ክፉ ሰው ያደረገው ይመስለኝ ነበር።

እኔ መዶሻውን ይዤ ስመለስ እህቴም ገባች። ነርሷ ነገ ማልደሽ ነይ ብላታለችና እንጨርስ፣ እንጨርስ አለች። ቻርጀሩን ማናችንም አላየነውም፤ ፎጣውንም እሷ የሸፈነችው መሰለኝ። ከቅድሙ አጥብቀሽ ያዢው፣ መዶሻ ስለሚያርፍበት እንዳያመልጥሽ ብላ ድሪሉን ከነፎጣው አንስታ ጭኔ ላይ አደረገችልኝ። እኔም በጉልበቶቼ ቆልፌ፣ ከፎጣው ላይ እጀታውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ጣቶቼ ምን ላይ እንዳረፉ አይታየኝም። እሷ ፎጣውን ከአፉ ላይ ብቻ ገለጥ አድርጋ፣ መፍቻውን አፉ ውስጥ ከታ ጥርሶቹን አጠበቀች፤ ረጅሙ የብረት ክንድ ወደ ጎን ወጥቶ ቆመ።

ወዲያው መዶሻውን አላነሳችም። ጥርሶቹ መፍቻውን አስተካክለው መንከሳቸውን ማየት አለባት። እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፣ ራሷን ዘንበል አደረገች፣ ዓይኗን አስጠጋች። የብረቱ ክንድ ከሽፋሽፍቷ ሥር ነበር።

ያን ጊዜ ነው ድሪሉ እንዳልደፋ ያስተዋልኩት። ቅድም አፍንጫው ወደ ፊት እየወደቀ አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ጭኔ ላይ ረጋ ብሎ ተቀምጧል፣ ሥሩ ከብዶታል። ፎጣው ስለታጠፈ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ሌባ ጣቴ ሥር ያለው ነገር ትንሽ ወደ ውስጥ ሸሸ። ቀጭን ድምፅም ሰማሁ፤ ትንኝ ጆሮ ግንድ ላይ ስትሆን እንደምታሰማው ያለ። ድሪሉ መዞር ከመጀመሩ በፊት የሚያሰማው ድምፅ ነው። ለዓመታት ከማዶ ክፍል ሆኜ ስሰማው ኖሬአለሁ።

እጄ ላይ ያለው የእህቴ ዓይን ነበር። ልጩህ ብል ስደነግጥ እጄ ይጨብጣል። ልወርውረው ብል መፍቻው ፊቷን ይዞ ይሄዳል። ብንቀጠቀጥም ያው ነው። ሌባ ጣቴን ብቻ አሰብኩ። ሌላውን አካሌን ሁሉ ረስቼ እሷን ጣት ቀስ አድርጌ ቀና አደረግኳት። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ቀጣዩን ጣቴን፣ ከዚያ ሌላውን። ድሪሉን የያዙት ጉልበቶቼ ብቻ ሆኑ።

«እህት ዓለም፣ ዓይንሽን አንሺ» አልኳት።

ቆይ ይሄኛው ጥርስ አልነከሰም መሰለኝ ብላ ጭራሽ ቀረበች።

«አንሺው አልኩሽ።»

እህቴን አልኩሽ ብያት አላውቅም፤ ማንንም ብዬ አላውቅም። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። እሷም ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሸሸች። እጆቼን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ፎጣውን ግለጪው አልኳት። ገለጠችው። ባትሪው ቦታው ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ባሏ እጁን በሱሪው እየጠረገ ከደጅ ገባ። አንዴ ድሪሉን አየ፣ አንዴ መፍቻውን አየ፣ አንዴ ሚስቱን አየ። እኔ ነኝ፣ አረንጓዴ ሲበራ ብዬ ነው አለ። ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

እህቴ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም እንደሚሉት ሆነች። ምናልባት አልሞላ ይሆናል፣ ምናልባት አይዞርም ነበር እያለች ድሪሉን ከጭኔ አነሳችው። ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ወደ ወለሉ ደገነችውና ጣቷን ሳብ አደረገች። የብረቱ ክንድ ዞሮ በሩ ጥግ የነበረውን የውሃ ባልዲ መታው። ባልዲው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ፣ አንድ ስባሪም ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ውሃው ዝም ብሎ ወለሉ ላይ ተንጣለለ፣ እግራችን ሥር ደረሰ።

እህቴ ባትሪውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ፎጣውን ወስዳ ተንበርክካ ውሃውን ማበስ ጀመረች። ትንሽ አብሳ አቆመች። ምን ሆነች ብዬ ሳያት ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍናለች። እንደተንበረከከች፣ በሌላው እጇ ወለሉን እየዳሰሰች የባልዲውን ስባሪ ትፈልጋለች። እጇ ሦስት ጊዜ አጠገቡ አለፈ፣ አላገኘውም።

«እንዲህ ነው ለካ» አለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ስፈራላት እሷ ስትስቅ ኖረናል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺን ዓይን ሸፍና ዓለምን አይታት እንደማታውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እጇን ከፊቷ ላይ አነሳሁላት። ዓይኗ ቀልታ ነበር፣ እንባም ነበረባት፣ ግን ታያለች። እኔን ታየኛለች።

ይቅር አልኳት። ድሪሉን ሰው ይሥራው፣ ጤና ጣቢያውም ሌላ ሰቃይ ይፈልግ አልኩ። ባሏም ከደፉ ላይ ሆኖ ይቅር አለ። እሷ ግን፣ ግማሹን ፈትቼዋለሁ እኮ፣ እንዲህ አፉን ከፍቶ ሊያድር ነው አለች። ሚስማር ላይ የነበረውን መከላከያ መነጽር አውርዳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አደረገችው። ባሏ ባትሪውን በሁለት ጣቱ፣ ጊንጥ እንደያዘ ሰው አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ። የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። ኪሴ አይበቃውም፣ ጠረጴዛው አይታመንም። ወንበሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት።

እህቴ ይህን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ታቅፈሽው እንዳትፈለፍዪብን» አለችኝ። ፈገግታዋ ግን አልቆየም።

አሁን ድሪሉን የያዝነው እኔና እሷ ነን፤ መዶሻውን የያዘው ባሏ ነው። እሷ አልመታም፣ እጄ እምቢ አለኝ አለች። የመጀመሪያው ምት የልጅ ጥፊ ያህል ነበር፤ እሱም ሰግቷል። ግምጃ ቤት፣ በር የምታንኳኳ አስመሰልከው እኮ አለችው። ሁለተኛው የብረቱን ክንድ በደንብ አገኘው፣ ውስጥ የሆነ ነገር ተላቀቀና አሮጌው አፍ በእጅ የሚዞር ሆነ። እኔ በእያንዳንዱ ምት ከሥሬ ያለውን ባትሪ እየዳሰስኩ መኖሩን አረጋግጥ ነበር። ተቀምጬበት እያለሁ፣ ድሪሉ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ እል ነበር። ፍርሃት ካለፈ በኋላም ሰውን እንዲህ ያሞኘዋል።

አዲሱ አፍ ያለ ምንም ችግር ገባ። በእጇ አዙራ አጠበቀችው። ያቺን ግራ ገብ ብሎን መልሳ አሰረች። ፑንታ አስነከሰችው። የቀረው መሞከር ብቻ ነበር፤ ባትሪ ያስፈልጋል። ተነስቼ ባትሪውን ዘረጋሁ። ባሏ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። እሷ ተቀበለችኝ፤ ስታስገባው ቀጭ ያለው ድምፅ ሦስታችንንም አስደነገጠን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አዲስ ፑንታ ቀጥ ብሎ መዞሩን የምታየው እሷ ናት፤ ዓይኗን አስጠግታ፣ የሹሉን ጫፍ ተከትላ። አሁን ክንዷን የቻለችውን ያህል ዘረጋች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እትዬ፣ አንቺ እዪልኝ። ቀጥ ብሎ ይዞራል?»

መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። መጀመሪያ የሚንገዳገድ መሰለኝ። ደግሜ ስመለከት ፑንታው በሥሩ ላይ ጸጥ ብሎ ይዞራል፤ የሚንቀጠቀጠው ክንዷ ነው። ቀጥ ብሏል አልኳት። እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ጣቷን ለቀቀች፣ ድሪሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጇንም በሌላው እጇ ያዘችው። እስኪረጋ ድረስ እንደያዘችው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጤና ጣቢያው ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው። እንግዳ ሰው፣ እንግዳ ክፍል፣ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ነርስ አለ። እመጣለሁ አልኳት።

በማግስቱ ማለዳ እሷ ድሪሉን፣ እኔ ፊሸሩንና የዘመዘምኳቸውን መጋረጃዎች ይዘን ሄድን። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ ነጭ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነው። በሽተኞቹ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል፤ በሩ ላይ ግን ነርሶች እየመጡ ያያሉ። ሁሉም ሲያየኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እህቴ መከላከያ መነጽሯን አድርጋ መሰላሉ ላይ ወጣች፤ እኔ ሥሩን ያዝኩ። ፑንታውን እርሳሱ ምልክት ላይ አሳረፈች። ልማዷ ይዟት ፊቷን ልታስጠጋ ጎንበስ አለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፣ ቀና አለች።

ምልክቱ ላይ ነው ወይ ብላ ወደ ታች ጠየቀችኝ። ትንሽ ወደ መስኮቱ አልኳት። ፑንታውን ገፋ አደረገችው። አሁን ምልክቱ ላይ ነው አልኳት።

ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ ነበር። አይቼ እንድነግራት የተጠየቅኩት ግን እኔ ነኝና አልጨፈንኩትም፤ የሹሉን ጫፍ ተከትዬ አየሁ። ድሪሉ ጮኸ፣ ነጭ አቧራ ፀጉሬ ላይና መነጽሬ ላይ ወረደ፣ ፑንታው ቀስ እያለ ግድግዳው ውስጥ ገባ። «ቀጥ ብሏል» አልኩ። የድሪሉን ድምፅ ሰንጥቆ እንዲሰማት ብዬ በጣም ጮክ አድርጌ ኖሮ፣ በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግን ዞር አላልኩም፤ ሁለተኛው ምልክት ገና አልተበሳም ነበር።